የአሥራ አራቱ ዳክዬዎች ፋይል

ሚያዝያ 2
ቁጥር፦ ዳክ/01
ለእህቴ ልጅ፣ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ
ጉዳዩ፦ ድንገተኛ ሞት ስለማሳወቅ

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከጡረታ ደብዳቤዬ ጋር አብሮ የመጣ ስለሆነ እንደ አዲስ ጉዳይ አይታይም።

ለጠየቅከኝ መልሱ፦ አዎ፣ ስልኬ ይሠራል፤ ሒሳብም አለው። ነገር ግን በስልክ የተነገረ ነገር ግልባጭ የለውም። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ግልባጭ የሌለው ነገር ተናግሮ ሰላም አያገኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ፣ አንተም ጽፈህ ትመልሳለህ። የአውቶቡሱ ሾፌር በሁለት ቀን ያደርሳል፤ ከሱ የፈጠነ ነገር አያስፈልገንም።

ወደ ጉዳዩ ስገባ፦ ባለፈው ወር የዳክዬ እንቁላል ዶሮዬ ሥር አስታቅፌ አሥራ አራት ጫጩት ፈልፍላልኛለች። ዶሮዋ ዳክዬ ስላልሆነች ተጠባባቂ እናት ብያታለሁ። ሥራዋንም እንደ ማንኛውም ተጠባባቂ በከፍተኛ ጩኸት ታከናውናለች፤ ልጆቹ ሳፋው ውስጥ ገብተው ሲዋኙ ዳር ቆማ ለእርዳታ ትጣራለች። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ እየሄደ ሳለ ሐሙስ ዕለት ሁለት፣ ትናንት ሰኞ ሦስት ሞቱ። ተቅማጥ አልያዛቸውም፣ አላነከሱም፣ አልተኮማተሩም። ቁርሳቸውን በሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ተራገጡ፤ ከዚያ ዝም። አንዳቸውም የሕመም ፈቃድ አልጠየቁም።

ዘጠኝ ቀርተዋል። የትናንቶቹን ሦስቱን በረዶ በተሞላ የብስኩት ቆርቆሮ ልኬልሃለሁ። ሾፌሩ ምን እንደያዘ ሲጠይቀኝ «ሰነድ ነው» ብዬዋለሁ። ውሸት አይደለም።

ተጠርጣሪ አለኝ። በዚሁ ግቢ ከጓሮዬ ግንብ ወዲያ የሚኖረው ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሁለት ጊዜ «ኧረ እነዚህን ነገሮች ዝም አሰኚልኝ፣ ሬዲዮዬን አልሰማም!» ብሏል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከነሰዓቱ መዝግቤያለሁ። ጫጩቶቹ እንዲሞቃቸው ቤታቸው ላይ አምፖሉን የሰቀለው ራሱ ነው። ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ከሰላምታ ጋር
አክስትህ
አባሪ፦ ሦስት (በበረዶ)
ግልባጭ፦ ለፋይል


ሚያዝያ 6

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቆርቆሮው ደረሰ። በረዶው መንገድ ላይ ስለቀለጠ ሾፌሩ «እንካ፣ ሰነድህ ያንጠባጥባል» ብሎ ሰጠኝ።

ለጠየቁኝ፦ አይ፣ የላቦራቶሪያችን ቅጽ ላይ «የተጠርጣሪ ስም» የሚል ቦታ የለም። በደብዳቤዎ ጠርዝ ላይ የጻፉትን አይቻለሁ፤ አለቃዬም አይታዋለች። «አክስትህ ፖሊስ ናት?» አለችኝ። «የለም፣ ከዚያ ትብሳለች፤ መዝገብ ቤት ነበረች» አልኳት።

እስካሁን ያየነውን ልንገርዎት። የዳክዬ ጫጩት በዚህ ዕድሜው በድንገት ሲሞት መጀመሪያ የምንፈራው ጉበት የሚያደማውን ቫይረስ ነው፤ በሦስት ቀን ግቢ ያጸዳል። የእርስዎ ጫጩቶች ጉበት ግን ንጹሕ ነው። የአይጥ መርዝ ቢሆን ቆዳቸው ሥር ደም እናይ ነበር፤ የለም። የሻገተ እህልም አይመስልም። ሆዳቸው ሙሉ ነው፣ ላባቸው ያምራል። አለቃዬ እንዳለችው፣ ከመሞታቸው በስተቀር ፍጹም ጤነኞች ናቸው።

ጨጓራቸውን ነገ እንከፍታለን። እስከዚያ ጥያቄዎቼን በተለየ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ እባክዎ አንዱንም ሳይዘሉ ይመልሱልኝ።

ጎረቤትዎን ጋሼ ፊውዝን ግን ይተዉዋቸው፣ እትዬ ይሙቱ። ቶሎ ይቃጠላሉ፣ ግን ቶሎ ይቀየራሉ፤ ስማቸውንም ያገኙት በዚሁ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ ጠረጴዛዬ ላይ አምፖል የሰቀሉልኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ፈተና ባለፍኩ ቁጥር ሽቦ ይሸተኛል።

ልጅዎ


ሚያዝያ 9
ቁጥር፦ ዳክ/02
ጉዳዩ፦ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ ስለመስጠት

በጥያቄዎችህ ቅደም ተከተል፦

ምግባቸው የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ ነው፣ በውኃ ይርሳል፣ በወንፊት እነፋዋለሁ። ውኃቸው በቀን ሦስቴ ይለወጣል። አይጥ የለም፤ አይጥ እንኳን እኔ ጓሮ ሳታስፈቅድ አትገባም። ቀለም የተቀባ ነገር የለም፣ ኬሚካል የለም። ጉዝጓዛቸው ንጹሕ፣ ደረቅ፣ በየሁለት ቀኑ የሚለወጥ ነው። ምንነቱና ከየት እንደመጣ ለጉዳዩ አግባብነት ስለሌለው አልተገለጸም።

ስለ ጉልበቴ ላቀረብከው ጥያቄ፦ ያው ነው።

ሦስት ተጨማሪ ሞተዋል። ስድስት ቀሩ። ከመሞታቸው ከአንድ ሰዓት በፊት አንዷ ጣቴን ነክሳኝ ነበር፤ ይህን የማነሳው ጤነኛ እንደነበረች ለማስረዳት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

በዚህ ምክንያት ለግቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ በተጠርጣሪው ላይ አቤቱታ አስገብቻለሁ። ሰብሳቢዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። አከራዩ፣ ኮሚቴው ሰውየውን ጥፋተኛ ካለው በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንዲለቅ አደርጋለሁ ብሏል፤ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበት ክፍል ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ሚያዝያ 20 ከሰዓት በኋላ ነው። አቤት ባይዋ እኔ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥዋም እኔ ነኝ። ይህ እንዳያስደነግጥህ፤ በግቢው የሚነበብ የእጅ ጽሕፈት ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ትናንት በግንቡ ላይ አንገቱን አውጥቶ ጮኸብኝ። ቃል በቃል፦ «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ነኝ ዳክዬ የምገድለው? ለዳክዬ ስንት ቮልት እንደሚበቃ እንኳ አላውቅም!»

ስለ ቮልት ማሰቡ ራሱ ምን ያሳያል? መዝግቤዋለሁ።

አክስትህ
ግልባጭ፦ ለፋይል፣ ለኮሚቴው


ሚያዝያ 12

እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደብዳቤዬ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አዎ፣ እየበላሁ ነው። አዎ፣ ሹራቡን እለብሳለሁ። አይ፣ ሴትየዋ አለቃዬ ብቻ ናት።

የሞቱበትን አግኝተናል። በሽታ አይደለም፣ መርዝም አይደለም። በሦስቱም ጨጓራ ውስጥ ቀጭን የብረት ሽቦ ነበር። ዳክዬ ጥርስ ስለሌለው የጨጓራው ጡንቻ ነው እህሉን የሚፈጭለት፤ ያ ጡንቻ ሽቦውንም ሊፈጭ ሲታገል ሽቦው ወግቶ ያልፋል። ከውጭ ምንም አይታይም። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

ሽቦው ከየት እንደመጣ ለጊዜው ባልናገር ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት፦ ይህ ደብዳቤ እንደደረስዎ ጉዝጓዙን ጠርገው ያውጡ፣ ወለሉን ይጥረጉ፣ በምትኩ ሰጋቱራ ያንጥፉ። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። እኔም ምን እንደነበረ አልጠየቅሁዎትም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 15
ቁጥር፦ ዳክ/03
ጉዳዩ፦ ስለ ሽቦ

ልጄ፣ ተባረክ። እኔ ላቦራቶሪ ማለት ጠርሙስ ማጠብ ይመስለኝ ነበር፤ በሁለት መስመር ጉዳዩን ዘጋኸው።

ሽቦ! በዚህ ግቢ ሽቦ የሚይዝ ሰው ስንት ነው? ልብስ ሰፊዋ መርፌ አላት፣ ሽቦ የላትም። አከራዩ ቁልፍ አለው፣ ሽቦ የለውም። ከሰውየው በር ሥር የተልባ ፍሬ የሚያካክሉ የሽቦ ቁራጮች ለቅሜ በፖስታ አሽጌያለሁ፤ ማስረጃ ቁጥር አንድ ነው። ያንተን ደብዳቤ ደግሞ አባዝቼ ለአራቱም አባወራዎች አድያለሁ። «የእንስሳት ጤና ባለሙያው በጻፈው መሠረት» ስል ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ ብላለች።

አንዱ አባወራ «ሰውየው እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤታችን ነው» ቢል «ሽቦውም ሃያ ሁለት ዓመት አለው» ብዬዋለሁ። ምን ማለቴ እንደነበር አሁን አላስታውስም፤ ያኔ ግን ሁሉም ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ጉዝጓዙን እንዳልከው ለውጬዋለሁ። ሳታብራራ አዘዝክ፣ ሳልጠይቅ ፈጸምኩ፤ በመካከላችን ያለው አሠራር ይህ ነው።

አንድ ሌላ የሚመዘገብ ነገር፦ እሑድ የጫጩቶቹ አምፖል ተቃጥሎ ነበር። ገበያ ደርሼ ስመለስ አዲስ ተገጥሞ፣ በርቶ አገኘሁት። ማስረጃ ለማጥፋት ካልሆነ በቀር በተከሰሰበት ጓሮ ማን ገብቶ አምፖል ይቀይራል?

ስድስቱ ደህና ናቸው። ቅዳሜ ይፈረድበታል።

አክስትህ
ግልባጭ፦ ለፋይል፣ ለኮሚቴው፣ ለአከራዩ


ሚያዝያ 18
ቁጥር፦ ላብ/01
ለአክስቴ
ጉዳዩ፦ የሽቦውን ሙሉ እውነት ስለመግለጽ

ቁጥርና ጉዳይ ያለው ደብዳቤ ካልሆነ እንደማያምኑ ስለማውቅ በእርስዎው ሥርዓት ጻፍኩ።

ሽቦው የኤሌክትሪክ ሽቦ አይደለም። የስቴፕለር ሽቦ ነው።

አንዱን ከፖስታው ጋር በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ በመነጽርዎ ይዩት። አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ የተመታ። እኔ በሕይወቴ አንድን ወረቀት በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ስቴፕል የሚመታ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። «አንዱ ለወረቀቱ፣ አንዱ ለእምነቱ» ትላለች። የትምህርት ቤት ደብተሬን ሳይቀር እንደዚያ ትመታው ነበር። በሁለተኛዋ ጫጩት ጨጓራ ውስጥ ሽቦው ሥር የጥፍር ስፋት ያለው ወረቀት ነበረ፤ ግማሽ ሐምራዊ ማኅተም አለበት።

የመሥሪያ ቤታችሁ ሥራ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር አሮጌዎቹ ፋይሎች ይቃጠሉ ተብሎ ነበር። «ተቃጥለዋል» በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ እርስዎ ፈርመዋል። አልተቃጠሉም እንግዲህ። ጉዝጓዝ ሆነዋል። ጋሼ ፊውዝ የሰቀሉት አምፖል ሲያበራባቸው ሽቦዎቹ ያብረቀርቃሉ፣ ዳክዬ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ አይምርም።

ይህን ሁሉ የዛሬ ሳምንት አውቀው ነበር። እንዳይከፋዎት ብዬ «ቀጭን ሽቦ» አልኩ። እርስዎን እሸሽጋለሁ ብዬ ያን ሽቦ ጋሼ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። የርስዎ ጥፋት ስቴፕል ነው፤ የኔ ጥፋት አንድ ቃል ነው፣ የኔ ይብሳል።

ይህን ደብዳቤ ለኮሚቴው አልላክሁም፣ ለማንም አላሳየሁም። ግልባጭ የለውም። ቢያቃጥሉት ማንም አያውቅም።

ልጅዎ
አባሪ፦ አንድ (ድርብ)


ሚያዝያ 22

ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር ለመስጠት ስልጣን ያለኝ አይመስለኝም።

ለጠየቅከኝ፦ አላቃጠልኩትም። እኔ ወረቀት ማቃጠል አልችልም፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም እሱ አይደል? ሠላሳ አንድ ዓመት በእጄ ያሰርኩትን በርሜል ውስጥ ከትተሽ ክብሪት ጫሪበት ሲሉኝ እጄ እምቢ አለ። በሦስት ማዳበሪያ ቤቴ አስመጣሁት። ሁለት ዓመት አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። ጫጩቶቹ ሲመጡ ደግሞ ቀደድኩት፤ መቅደድና ማቃጠል አንድ አይደለም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ስቴፕሉን ለምን አላነሳሽም ትለኝ ይሆናል። ስቴፕል የተነሳለት ሰነድ የፈረሰ ሰነድ ስለሚመስለኝ ነው። ተቀድዶም ቢሆን።

ደብዳቤህ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ክፍል ተካሄደ። በአጀንዳው መሠረት አቤት ባይ ቃሏን እንድታሰማ ተጠየቀች፤ ደብዳቤህን ከቁጥሩ እስከ አባሪው አነበብኩት። ግማሹ ላይ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ያቺ ሴት ለማንም አቁማ አታውቅም። አከራዩ ደብዳቤውን ሰምቶ ሲጨርስ «ታዲያ ጥፋተኛው ማን ሊባል ነው?» አለ።

«ጸሐፊዋ» አልኩት። ቃለ ጉባኤው ላይ እንደዚያው ጽፌዋለሁ፤ ፈርሜያለሁም። «ተቃጥለዋል» ብዬ የፈረምኩትም ቃለ ጉባኤ ሐሰት መሆኑን ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በደብዳቤ አስታውቄያለሁ፤ ፋይሎቹ እንዳልተቃጠሉ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እስካሁን አልመለሱም፤ ሲመልሱ መልሱ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

እሳቸውስ፣ የከሰስኳቸው ሰው፣ ምን አደረጉ? ይህን ነው የምትጠይቀኝ መሰለኝ። ወንበራቸውን ወደ ቦታው መልሰው ወጡ። ሬዲዮአቸውን ያን ዕለት አልሰማሁትም።

ትናንት ጠዋት በሬ እጀታ ላይ በሲባጎ የታሰረ ማግኔት ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ፣ ሰሐን የሚያህል። ወረቀት አብሮት የለም፣ ቃል የለም። ጓሮውን ሁሉ እየጎተትኩ ዞርኩበት። አንድ መቶ ስልሳ አራት ስቴፕል አነሳ፤ ሁሉም ድርብ።

ጫጩቶቹ አምስት ናቸው። ጉዝጓዙ ከተለወጠ በኋላ አንዷ ሞታለች፤ ሽቦውን ቀድሞውኑ ውጣው ነበር። አምስቱ ሳፋው ውስጥ ይዋኛሉ። ተጠባባቂዋ እናት ጩኸቷን አቁማ ሥልጣኗን ያስረከበች ትመስላለች።

አሁን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። በሕይወቴ ሰው ይቅርታ የጠየቀባቸውን ደብዳቤዎች በሺህ መዝግቤአለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። ረቂቁ በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ልክ መሆኑን አይተህ አርመህ ላክልኝ። ከማረምህ በፊት ለማንም እንዳልሰጥ ወስኛለሁ።

አክስትህ
(ሁለት ገጽ። አልተሰፋም፣ አልተመታም፤ ታጥፎ ብቻ።)


ሚያዝያ 25

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ እኔ ጥፋት አንድ ቃል አልጻፉም፤ ይህን ሆን ብለው እንዳደረጉት ስለገባኝ እኔም አንድ ቃል አልጨምርበትም።

ሁለተኛው ገጽ ግን አልደረሰኝም። ፖስታው ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሾፌሩን ያዝኩት፤ መቀመጫው ሥር፣ የዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ምንጣፉን ገልብጦ ፈለገ። «አክስትህ ድሮ የምትልከውን እኮ በመዶሻም አትለያየውም ነበር፣ ዛሬ ምን ነካት?» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ስቴፕል የላኩልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ መሆኑ ነው፣ እሱም ጎደለ።

ደግመው ይጻፉት። ዐረፍተ ነገሩን ግድ የለም፣ እንዳለ ይላኩት፤ በፍጥነት አይቼ እመልሳለሁ። ጋሼ ብዙ የሚጠብቁ አይመስለኝም።

አለቃዬ ሰላም ትላለች። ስለ ማግኔቱ ስነግራት ስንት ስቴፕል እንደነበረ ጠየቀችኝ፤ ሪፖርቱ ላይ ልታስገባው ነው።

ልጅዎ


ሚያዝያ 28

ልጄ፣

ሾፌሩን ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ ገጹ መንገድ ላይ አልጠፋም።

ፖስታውን ላሽግ ስል አንድ ጊዜ አነበብኩት። ለአንተ የተጻፈ አለመሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አርመህ ብትልክልኝ ኖሮ ያንተ ደብዳቤ ሆኖ ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ አንዱን ገጽ ለሾፌሩ ሰጠሁ፣ ሌላውን ይዤ ወደ ግንቡ ሄድኩ።

አምፖል ይጠርጉ ነበር። «ጋሼ» ብዬ ስጠራቸው መጀመሪያ ልጅ የጠራቸው መስሏቸው ዞር ብለው ፈለጉ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ጠርቻቸው አላውቅም። በግንቡ ላይ አሳልፌ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት፤ ሲጨርሱ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ከዚያ ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ስቴፕል የለውም» አሉኝ።

«የለውም» አልኳቸው።

አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አንዷ ዳክዬ እግሯን ትጎትታለች፣ አምፖሉን ዝቅ ላድርግላት» አሉ። በበሩ በኩል ዞረው ገቡ።

ምን ብዬ እንደጻፍኩ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አትጠይቀኝ፤ ግልባጭ አላስቀረሁም።

አክስትህ